የአጣሪዎቹን ማረፊያ አይተን ተመለስን

ይህን የምጽፈው ገዳሪፍን ላላየና ለማየትም ላላሰበ ሰው ነው። ያየው ይተወው፤ ሙቀቱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ። ልጅነቴን በስደት ገዳሪፍ አካባቢ በነበረ መጠለያ አሳልፌ ዐረብኛ ስለለመድሁ፣ እንግሊዝኛውንም ኋላ በትምህርት ቤት ስለጨመርሁበት፣ የሰው ቃል እያስተረጎምሁ እንጀራዬን እበላለሁ።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ፋሽጋ የሚባለው፣ በአትባራ ወንዝና በኢትዮጵያ መካከል የተዘረጋው ለም መሬት የማን እንደሆነ ሁለቱ አገሮች አልተስማሙም። ስለዚህ ከውጭ አጣሪ ቡድን ሊላክ ታሰበ። አጣሪው ከመላኩ በፊት ደግሞ የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚሰበሰብ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያይ ሌላ ቡድን ተላከ። ያ ቡድን እኛ ነን። ስለ መሬቱ አንዲት ጥያቄ እንዳንጠይቅ፣ ማንም ፈልጎ ቢነግረን እንኳ እንዳንጽፍ ታዘናል። መልሱ ሳይሆን መልሱን የሚሰሙት ሰዎች የሚቀመጡበት ወንበር ነበር የእኛ ጉዳይ። ጉድ በል ጎንደር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሰኞ

ከጎንደር የወጣነው በማለዳ ነው። አለቃችን ሄንሪክ የሚባል፣ በሩን ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ፈረንጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኋላ ስናደድበት እንዳልረሳው ይህን አስቀድሜ ልናገር። እስከ አይከል ድረስ ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ደርቤ ሄድሁ። አይከል ሽሮ በልተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ጋቢውን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትሁት፤ አገሬ እስክመለስ አላወጣሁትም።

ሸኸዲ ላይ ጎማችን ፈነዳ፤ ተጠባባቂውም ነፋስ የለው። ሾፌሩ ሲራገም አንድ የሻይ ቤት ባለቤት አይቶን ጎማውን በባጃጅ ጭኖ ወስዶ፣ አስጠግኖ፣ ተመልሶ አመጣልን። ክፍያ ብንለው እጁን አራገበ።

«ድንበሩን ልትለኩ ነው አሉ የመጣችሁት» አለኝ።

«አይደለም። የሚለኩት ሰዎች የሚያድሩበትን ልናይ ነው» አልሁት።

ትንሽ አሰበና «እንግዲህ እሱም ሥራ ነው» አለ። ሲያሾፍብኝ ይሁን ሲያጽናናኝ እስካሁን አልገባኝም።

መተማ ዮሐንስ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ያረፍነው እትዬ የሺ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ ነው። መተማ ላይ በሙቀቱ ወራት ክፍል ውስጥ የሚተኛ የለም፤ አልጋው ግቢ ይወጣል፣ መሬቱ ውሃ ይርከፈከፍበታል። እኛ ጎንደር በር ዘግተን፣ መስኮት ጠቅጥቀን የምንተኛ ሰዎች ከማናውቀው ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ስንተኛ ግራ ይገባናል። እትዬ የሺ ስንት ቀን እንደምንቆይ ጠየቀችኝ። ነገ እንደምናልፍ፣ ለአጣሪዎቹ ማረፊያ እያየን መሆኑን ነገርኋት።

«እናንተም?» አለች። «ከእናንተ በፊት የመጡትም እንደዚሁ ነው ያሉኝ። ለሚመጡት አልጋ ያዢ ብለው አዲስ ፍራሽ አስገዙኝ። እሱው ነው እንግዲህ የምትተኙበት፤ ገላ ነክቶት አያውቅም።»

ፍራሹ ላስቲኩ እንኳ አልወለቀም ነበር። በተገላበጥሁ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ አድሮ ጠዋት ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ተነሣ።

ማክሰኞ

ድንበሩን የተሻገርነው በእግራችን ነው። ይህ አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ የተጻጻፉበት ነገር ነው። በኢትዮጵያ መኪና ብንገባ ከኢትዮጵያ ጋር ገቡ፣ በሱዳን መኪና ብንገባ ከሱዳን ጋር ገቡ ይባላል ተብሎ፣ በመካከል ያለችውን መንገድ በእግራችን እንድናልፍ ተወሰነ። ሄንሪክ በዚህ ዘዴ በጣም ይኮራ ነበር። ሻንጣችንን አንድ የአህያ ጋሪ አሻገረልን። ጋሪው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ አህያው የየትኛው አገር እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም።

ገላባት በኩል የሚቀበለን ኡስታዝ ኢድሪስ ነበር፤ ከሱዳን ወገን ለአጃቢነት የተመደበ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጨዋ ሽማግሌ። ከሰላምታው በፊት ውሃ፣ ከውሃው በኋላ ሻይ፣ ከሻዩ በኋላ ፉል አቀረበልን። ከዚያ በእሱ መኪና ተጓዝን። እኛ አገር ዓይን ትንሽ ሮጥ ሲል ተራራ ያስቆመዋል፤ እዚያ ግን የሚያስቆመው የለም። ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል። ገዳሪፍ ከመድረሳችን በፊት የታየን ነገር ቢኖር የእህል ማከማቻው ረጅም ግንብ ነው።

ሆቴሉ ለአጣሪዎቹ ይበቃል የተባለለት ነበር። ሄንሪክ ራሱን ሳሙና አልብሶ ሳለ ውሃው ቀጥ አለ። ፎጣ አገልድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ሲጣራ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሐጂ ኑሩ ነገሩን ሰምቶ በጋሪ ውሃ አስላከልን። ማን መሆኔን ሲያውቅ ደግሞ አልለቅ አለኝ። እሱም የጎንደር ልጅ ነው፤ ከመጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በርበሬና ቡና ይነግዳል።

«የአገሬ ልጅ እዚህ መጥቶ ሆቴል? ወላሂ አይሆንም» አለ። እኔን ብቻ ሳይሆን ሄንሪክንም ኢድሪስንም ጎትቶ ቤቱ ወሰደን።

ሐጂ ኑሩ ቤት ሁለት ዓይነት ድስት አለ። አንደኛው የቤተሰቡ ነው። ሁለተኛው ሥጋ ያልነካው፣ ለክርስቲያን እንግዳ ተብሎ የተለየ ነው። ከሁለተኛው ድስት የሚበላ አንድ ሰው ከእኛ በፊት ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ሙላት ይባላሉ፤ የአርማጭሆ ገበሬ ናቸው። ተነሥተው ጨበጡን፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ስንለካ ዋልን። ሄንሪክ ሜትሩን ይዘረጋል፣ እኔ ጫፉን እይዛለሁ። አዳራሹ ሁለት በር አለው፤ ችግሩ አንደኛው ይጠባል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ፣ በሁለት በር፣ በእኩል ስፋት መግባት አለባቸው። ሰፊው በር ለማን ይሁን ቢባል ጠብ ነው። እኔ ሁሉም በአንዱ ተራ በተራ ቢገቡስ ብዬ ጠየቅሁ። ሄንሪክ ለሕፃን ልጅ እንደሚያስረዱት ቀስ ብሎ፣ ማን ይቅደም የሚለው ከሁሉም የከበደ መሆኑን አስረዳኝ።

ማታ ራት ላይ ሐጂ ኑሩ የጋሽ ሙላትን ነገር አጫወተኝ። ጋሽ ሙላት ፋሽጋ ውስጥ ሰሊጥ ያርሱ ነበር። አንድ ልጃቸው ደረጀ እርሻው ላይ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ድንበር ጥሰሃል ተብሎ በሱዳን ወታደሮች ተያዘና ገዳሪፍ ታሰረ። ከእሱ ጋር የተያዙት የቀን ሠራተኞች «አዎ፣ ተሻግረናል» ብለው አምነው፣ ትንሽ ታስረው ተፈቱ። ደረጀ ግን «በአባቴ መሬት ነው የተኛሁት» አለ። ዳኛው ጥሩ ሰው ናቸው አሉ፤ «መሬቱ የማን እንደሆነ አጣሪ ሊመጣ ነው፤ እሱ ይመልስልን፣ ከዚያ ልጁ መሻገሩን አለመሻገሩን እናውቃለን» ብለው ቀጠሩት። ደረጀ አልተፈረደበትም፣ አልተፈታም፤ አጣሪውን ይጠብቃል። አባቱም በየቀኑ ምግብ እያመላለሱ ይጠብቃሉ።

«ታዲያ ለምን እንደ ሌሎቹ ተሻግሬያለሁ ብሎ አይወጣም?» አልሁት።

«አባትየው አይሆንም አሉ። እንደዚያ ካለማ መሬቱ የእኛ አይደለም አለ ማለት ነው። በገዛ አፉ።»

ያን ጊዜ ነው የእኛ ሜትር ማንን እንደሚለካ የገባኝ።

ሐሙስ

አትባራ ወንዝ ወረድን። ፋሽጋ ከወንዙ ማዶ ነው። ከምዕራብ በኩል ብንሻገር ለአንደኛው ወገን ዕውቅና እንደ መስጠት ስለሚቆጠር አልተሻገርንም። ቆመን አየን። ይህን ሁሉ አገር አቆራርጦ የመጣ ቡድን የሚጣሉበትን መሬት ያየው ከማዶ ሆኖ ነው።

ጋሽ ሙላት ጠዋት መኪናው ዘንድ መጥተው አብሬ ልሂድ ብለውኝ ነበር። አልተፈቀደም። «እንግዲያው ወደ ላይኛው በኩል ተመልከት፤ ጥንድ ሆነው የበቀሉ ሁለት ግራሮች አሉ። እርሻዬ ከእነሱ ሥር ነው» አሉኝ። ዓይኔን እያሻሸሁ ፈለግሁ። ትራክተር የሚያስነሳው አቧራ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ሄንሪክ አጣሪዎቹ ነሐሴ ላይ እንደሚመጡ ነገረን። የላከን መሥሪያ ቤት ቀኑን ቆርጧል። ኡስታዝ ኢድሪስ ወደ እኔ ዞሮ በዐረብኛ «በኸሪፍ?» አለኝ። ኸሪፍ ክረምቱ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ሙጫ ይሆናል፤ ተሽከርካሪ ቀርቶ ሰው ጫማውን ትቶለት ይሄዳል። ለሄንሪክ ተረጎምሁለት። «በሪፖርቱ እንገልጸዋለን» አለ። ኢድሪስም እኔም እርስ በርስ ተያየንና ተውነው።

ስመለስ ጋሽ ሙላት ሐጂ ኑሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አየኻቸው?» አሉኝ። አየሁ አልኋቸው። ምን ልበል?

ዓርብ

ዓርብ ሥራ ዝግ ነው። ሐጂ ኑሩ ከጁምዓ መልስ ምሳ ጋበዘን። በአንድ ትሪ ኪስራና ሥጋ፣ በሌላው ምስርና ሽሮ ቀረበ። ኪስራ ከእኛ እንጀራ ይሳሳል፣ ዓይንም የለው፤ ግን ከተራበ ሰው ጋር አይጣላም። ጋሽ ሙላት ታጥበው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ገና ሲገቡ ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኋቸው።

«ጋሽ ሙላት፣ እነዚህ አጣሪዎቹ አይደሉም። ለአጣሪዎቹ ቤት የሚያዩ ናቸው። ውሳኔ የላቸውም።»

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳግመኛ ነገርኋቸው። አሁንም ነቀነቁና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው የገባኝ ኋላ ነው። በእኛ አገር የመሬት ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ የተባለ ሁሉ ደግሞ ከመቀመጡ በፊት «እኛ ምን እናውቃለን፣ መንገደኞች ነን፣ ውሃ ልንጠጣ ነው የገባነው» ይላል። ወጉ ነው። ባለጉዳዩም ወጉን ዐውቆ ዝም ይላል፤ ተበልቶ እስኪያበቃ ጠብቆ ቃሉን ይሰጣል። ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ቀድሞ የሚያይ ሌላ ሽማግሌ እኛ አገር የለም። መሬቱን ሊያይ የመጣው እሱው ዳኛው ነው። ጋሽ ሙላት እኔን የሽማግሌዎቹን ትሕትና የማስተረጉም አድርገው ነው የሰሙኝ።

ምሳው ተነሥቶ እጅ ከታጠብን በኋላ ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ያን መሬት ያቀናሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጫካ ነበር። ከጎኔ የሚያርስ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ አለ። ወሰናችን አንዲት የኩርኩራ ዛፍ ናት፤ ከኩርኩራዋ ወዲህ የእኔ ነው፣ ወዲያ የእሱ ነው። አብረን አጭደናል፤ ተጣልተን አናውቅም። እሱንም ጠይቁት፤ አይዋሽም። ልጄ የተያዘ ዕለት የተኛው ከኩርኩራዋ ወዲህ ነው። ድንበር የሚባል ነገር አልተሻገረም።»

እያስተረጎምሁ ነበር። ኢድሪስ አማርኛ ባይሰማም የዑስማንን ስም ሲሰማ ቀና አለና ምን እንዳሉ በዐረብኛ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ አንገቱን ደፋ። ሄንሪክ ብዕሩን ከደነ፣ ኪሱ ከተተው፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። መጻፍ ተከልክሏልና።

ጋሽ ሙላት የተከደነውን ብዕር አዩ። ያላመኗቸው መሰላቸው። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና፣

«ዋሽቼ እንደሆነ፣ ወይ ነገ ቃሌን ያጠፍሁ እንደሆነ፣ ደረጀን ይንሳኝ» አሉ።

ሐጂ ኑሩ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ፊቱን ሸፈነ። እኔም ለሄንሪክ «በልጁ እየማለ ነው» አልሁት። ከዚህ የበለጠ በእንግሊዝኛ የምለው አጣሁ።

ሄንሪክ በአክብሮት ተነሣ። «ስለ ምሳው በጣም አመስግንልኝ። አጣሪ ቡድኑ ሲመጣ ይህንኑ ደግመው እንዲነግሩት ንገርልኝ» አለ። ነገርኋቸው።

«ደግሜ?» አሉ ጋሽ ሙላት። አንድ በአንድ አዩን። «ሰው በልጁ ስንት ጊዜ ይምላል?»

በልጁ የማለ ሰው በዚያው ነገር ዳግመኛ አይምልም፤ ከደገመ የፊተኛውን ራሱ ተጠራጠረው ማለት ነው። ይህን ለሄንሪክ ማስረዳት ጀመርሁና ተውሁት። ተናድጄ ነበር። በሄንሪክ፣ በበሩ ስፋት፣ በተከደነው ብዕር፣ የእሳቸውን ቃል አንድም ሳላጓድል አስተርጉሜ ለማንም ባላደረሰው የራሴ ምላስ ተናደድሁ። ጋሽ ሙላት ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱና ለልጃቸው ምሳ ይዘው ወጡ።

ቅዳሜ

አውሮፕላን ልንይዝ ወደ ካርቱም ልንነሣ ስንል ጋሽ ሙላት በትንሽ ከረጢት ሰሊጥ ይዘው መጡ፤ ከዚያው መሬት የመጨረሻው አዝመራ ነው። ለፈረንጁ ስጥልኝ አሉ። ሄንሪክ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የአወዛጋቢው መሬት ምርት ስለሆነ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይችላል፣ መቀበል አልችልም አለ። እኔ ተቀበልሁ። ሐጂ ኑሩ ለመንገድ ውሃና ተምር ጫነልን፤ ኢድሪስ የሄንሪክን ሻንጣ በራሱ ጫንቃ ተሸከመ። በቸርነት በኩል ያ አገር ምንም አልጎደለውም።

ከተመለስሁ በኋላ

ጎንደር ስገባ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ጋቢዬን አወጣሁ። ሪፖርቱን ወደ አማርኛ እንድመልስ ሰጡኝ። ስለ ሆቴሉ ውሃ፣ ስለ ክረምቱ መንገድ፣ ስለ ጠባቧ በር ብዙ ይላል። ስለ ጋሽ ሙላት ምንም አይልም። ነሐሴ መጣ፤ መንገዱ በዝናብ ተዘግቷል ተብሎ አጣሪው ቀረ። አዝመራ ሲደርስ በሥራ ወቅት አይሆንም ተባለ። ከዚያ ወዲያ ምክንያትም መስጠት ተዉ።

አንድ ቀን ጋሽ ሙላት በሐጂ ኑሩ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን የተናገርሁትን ፈረንጁ ጽፎት ነበር?»

«አልጻፈውም፣ ጋሽ ሙላት።»

«አንተስ?»

«እኔም አልጻፍሁም። ተከልክለን ነበር።»

«እንግዲያው በወረቀት የለም።»

«የለም» አልሁ።

«ደኅና» ብለው ዘጉት።

የቀረውን ሐጂ ኑሩ ነው የነገረኝ። ጋሽ ሙላት በማግስቱ እስር ቤት ሄደው ልጃቸውን መከሩት። ከዚያ ዳኛው ፊት ቀረቡና «መሬቱ የእኔ አይደለም፤ ልጄ ድንበር ተሻግሯል» አሉ። ደረጀም እንደዚሁ አለ። የተቀመጠበት ጊዜ ከቅጣቱ አልፎ ስለነበር በዚያው ዕለት ተፈታ። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን፣ ያን ሁሉ በር ለክተን፣ ስለዚያ መሬት መዝገብ ላይ የሰፈረው የእኚህ ሰው ውሸት ብቻ ነው።

አባቱ አገር እንግባ አሉት። «ገብቼ ምን ልረስ?» አለ ደረጀ። በገዳሪፍ በኩል ከሚሸጋገሩት ወጣቶች ጋር በጭነት መኪና ወደ ካርቱም ሄደ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደውሎ ወደ ሊቢያ እንደሚነሡ ተናገረ። ክረምቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል፤ ሁለተኛ አልደወለም።

ጋሽ ሙላት አሁን መተማ የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃሉ። በቀደም ደወልሁላቸው። ስለ ደረጀ ስጠይቅ አልሰማሁም አሉኝ። ሰው እንደሚለው፣ ስልክ አጥቶ ይሆናል፣ በረሃ ላይ መስመር አይኖርም፣ ይደውላል አልኋቸው።

«ተው ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «ቃሌን ያጠፍሁ እንደሆነ ይንሳኝ ብዬ አልነበር? ለፈረንጁም የነገርኽልኝ አንተው ነህ። ያን ቀን እዚያ ቤት ከነበረው ሁሉ የጻፈው እግዜር ብቻ ነው።»